ድሃ መሆኑን ለማስመስከር ክራቫት ያሰረው ሰው

ዛብሎን ኦቢየሮ ጀልባ ሠሪ ነው። በሐይቁ ዳር በኮሉንጋ መንደር ከሚንሳፈፉት ጀልባዎች አብዛኞቹ የእጁ ሥራ ናቸው፤ የቀሩትን ደግሞ ባየ ቁጥር ሰው የታመመ ዘመዱን እንደሚያይ አንገቱን ይነቀንቃል። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ ሲራመድ ደግሞ ያንኑ ቁመት ትንሽ ይጨምርበታል።

«የለኝም» የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ኪሱ ባዶ የሆነ ቀን «ዛሬ ገንዘቤን አሳርፌዋለሁ» ይላል። ቤት ውስጥ ከኦሜና፣ ከዚያች ጣት ከማታክል ዓሣ በቀር ለኡጋሊው፣ ለበቆሎ ገንፎው፣ ማባያ የጠፋ እንደሆነ፣ ትልልቁ ዓሣ ሰልችቶት እንደተወው ለጎረቤት ያወራል። ሚስቱ ተርፌና ይህን ስትሰማ ሥራዋን ትቀጥላለች። ስታገባው ታውቅ ነበርና።

እርግጥ ይህ የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። በሐይቁ ዳር በሚኖሩት በሉኦዎች ዘንድ፣ በለቅሶም ሆነ በዘፈን ቤት፣ ሰው ብድግ ብሎ ራሱንና ወዳጁን ያሞግሳል። «ማነህ?» ተብሎ ተጠይቆ ስሙን ብቻ ተናግሮ የሚቀመጥ ሰው ካለ፣ አንድም ታሟል፣ አንድም ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ዛብሎን ደግሞ በዚህ ጥበብ ከባልንጀራው ከዓሣ አጥማጁ ናሾን በቀር የሚስተካከለው የለም። ሁለቱ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አንዱ ሌላውን ሲያወድስ ኖረዋል። ናሾን ተነሥቶ ዛብሎንን ካመሰገነ፣ የማያውቅ ሰው የኪሱሙ ከተማ ግማሹ የዛብሎን መስሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ነገሩ የተበላሸው አጎሮ የሚባለው ሰው ጡረታ ወጥቶ ከናይሮቢ ሲመለስ ነው። አጎሮ በሐይቁ ዳር መሬት ገዝቶ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ አሰበና፣ ከትልቁ ቋጥኝ አንሥቶ ደንገል እስከበቀለበት ረግረግ ድረስ በሽቦ አጠረው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድ አጥሩ ውስጥ ቀረ። ሰው በቋጥኙ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል፤ ጀልባ ግን አይንጠለጠልም።

በዚያን ጊዜ የዛብሎን ትልቋ ጀልባ ከጓሮው ተሠርታ አልቃ ነበር። ጥሩ የሙቩሌ እንጨት፣ ጎኗ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ። በኮሉንጋ ልማድ ጀልባ ውሃ ካልነካት ጀልባ አትባልም፤ የተጠረበ እንጨት ናት። ስም የሚወጣላት ያን ዕለት ነው፤ ገዢዎቹም ሂሳባቸውን የሚዘጉት ያን ዕለት ነው። እሷ ግን እዚያው ጓሮ ቁጭ አለች። ዶሮዎች ሥሯ መፈልፈል ጀመሩ። የበጋው ፀሐይ ሳንቃዋን እያደረቀ በመጋጠሚያው የተጠቀጠቀው ጥጥ አንድ በአንድ ይረግፍ ጀመር። ገዢዎቹ ዓሣ አጥማጆች እስከ ዝናቡ እንጠብቃለን አሉ፤ ከዚያ በኋላ ከከተማ ፕላስቲክ ጀልባ እንገዛለን አሉ። ዛብሎን ሌሊት ሌሊት ሳንቃ ሲሰነጠቅ የሚሰማ እየመሰለው ይነቃል።

ሽማግሌ ተላከ፤ አጎሮ ሻይ አጠጥቶ መለሳቸው። የመንደሩ ሹም ሄደ፤ እሱንም ሻይ አጠጣው። በመጨረሻ ዛብሎን ራሱ ሲሄድ፣ ሻይም ሳይቀርብለት «ክሰሰኛ» ተባለ።

ወደ ከተማ ወርዶ ፍርድ ቤት ሄደ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያውን ሲነግረው ዛብሎን ዞር ብሎ በመስኮት ዛፍ ማየት ጀመረ። ዛፉን አይቶ አይቶ ሲጨርስ ሠራተኛው ገባው። መክፈል ለማይችል ሰው ሕጉ መንገድ እንዳለው ነገረው። ሰውየው ራሱ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ዳኛው ሁለት ነገር ያጣራል። እውነት አቅም የለውም ወይ? ክሱስ ፍሬ አለው ወይ? ሁለቱን ካለፈ ያለ ክፍያ መዝገብ ይከፈትለታል። አንዱ ከጎደለ በሩ ይዘጋል።

«ይሄ እንኳ እኔን አይመለከተኝም» አለ ዛብሎን። «ግን አንድ የማውቀው ችግረኛ አለ። ለእሱ ጻፍልኝ።»

ሠራተኛው ጻፈ። የችግረኛው ስም ሲጠየቅ ዛብሎን እንደገና ዛፉን እያየ የራሱን ስም ሰጠ።

ቀጠሮው ሲደርስ ተርፌና የሥራ ሸሚዙን፣ ያንን ቀለምና ሬንጅ የጠጣውን፣ አጥባ ዘረጋችለት። እሱ ግን መንደሩን ሲዞር አምሽቶ ነበር። ጠዋት ከጓዳ ሲወጣ ባለ ሰደርያ ሙሉ ልብስ፣ ቀይ ክራቫት፣ ባርኔጣ፣ የሚያብለጨልጭ ጫማና የእጅ ሰዓት አድርጓል።

«የአጅዋንግ አባት፣» አለች ተርፌና፣ «የምትሄደው ድሃ ነኝ ልትል ነው፤ ሴት ልትጠይቅ አይደለም።»

«ዳኛ ፊት ነው የምሄደው። መንደሩን ላሰድብ?»

መንደሩም ከእሱ ጋር ነበር። ኮቱና ሰደርያው የመዘምራኑ መሪ ናቸው፤ ሰዓቱ የአስተማሪው፤ ባርኔጣው የፀጉር አስተካካዩ፤ ጫማው የናሾን። የኮሉንጋ ሰው ችሎት ሲቆም ተራቁቶ ታየ መባል ለሁሉም ውርደት ነው። አበዳሪዎቹ ልብሳቸው ፍርድ ቤት ቆሞ ሲታይ ማየት ፈልገው፣ በአንድ ሚኒባስ ተጠቅጥቀው አብረው ሄዱ።

ዳኛዋ ምዌንዴ የምትባል፣ ከካምባ አገር በቅርቡ ተዛውራ የመጣች ሴት ናት። ቋንቋውን ስለማታውቅ አስተርጓሚ አጠገቧ ቆሟል። የአጎሮ ጠበቃ፣ ፀጉሩን ባንድ በኩል የከፈለ ወጣት፣ አቤቱታውን ለመቃወም መጥቷል። ዛብሎንን ከባርኔጣው እስከ ጫማው አየውና ወረቀቶቹን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ።

ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቀችው ማን እንደሆነ ነው። ያንን ባትጠይቅ ደግ ነበር።

«እኔ የተርፌና ባል፣» አለ ዛብሎን ደረቱን ነፍቶ፣ «ሐይቁን በእንጨት የገራሁት፣ አዞ መንገድ የሚለቅልኝ፣ ጀልባዎቼ ታንዛኒያም ኡጋንዳም ያለ ፓስፖርት የሚገቡልኝ፣ የኮሉንጋው ዛብሎን ነኝ።»

አስተርጓሚው የዚያው አገር ልጅ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ ቃል በቃል ተረጎመ። ዳኛዋ ስንት ጀልባ እንዳለው ጠየቀች። ከኋላ ወንበር ተርፌና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ድህነቱን እንዲመሰክር የተጠራው ናሾን ነበር። በመንገድ ላይ ተርፌና ደጋግማ አጥንታዋለች፤ «ምንም የለውም» ብቻ ብሎ እንዲወርድ። ናሾንም እሺ ብሏታል። ነገር ግን መጽሐፉን ይዞ ምሎ ቀና ሲል፣ የዕድሜ ልክ ባልንጀራው እንደ ሙሽራ ለብሶ ፊቱ ቆሟል፤ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ ጸጥታ ሰፍኗል። እንዲህ ባለ ቦታ ናሾን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ስለዚህ ሰው ምን ልበል?» ብሎ ጀመረ። ዛብሎን ሲያስነጥስ ሐይቁ ማዕበል እንደሚያነሣ፣ በሩ ለእንግዳ ተዘግቶ እንደማያውቅ፣ ባለጠጎች ምክር ሊጠይቁት በኋላ በር እንደሚገቡ ተናገረ። ከኋላ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ ሙገሳ ነበር። ጠበቃው ጥያቄ እንደሌለው ገለጸ። ብዕሩን እንኳ አላነሣም።

ዳኛዋ ወደ ዛብሎን ዘወር አለች። «እንግዲህ ጃዱኦንግ፣ የራስዎ ምስክር ሀብታም ነው አለ» አለችው፤ አዛውንትን በአገሩ ቃል መጥራት በመጣች ሰሞን ነው የተማረችው። ናሾን ዋሸ ቢል ወዳጁን ማዋረድ፣ እውነት ነው ቢል ጀልባዋን መቅበር ሆነበት።

ጠበቃው ዕድሉን ሲያይ ጨመረበት። ይህ ሰው ሌላው ቢቀር የለበሰውን ሸጦ መክፈል ይችላል አለ። ዳኛዋ፣ የሰው ልብስ በሀብትነት እንደማይቆጠር ሕጉ ይናገራል ብላ አቋረጠችው።

«አስፈላጊ ልብስ ነው የሚለው፣ ክብርት ዳኛ» አለ ጠበቃው። «ሰደርያ በዚህ ሙቀት ለማን ነው የሚያስፈልገው?»

ዳኛዋ ትንሽ አሰበች። የችሎቱ ሙቀት ለጠበቃው ይመሰክርለት ነበር። ጸሐፊው ዕቃዎቹን እንዲመዘግብ፣ ግምታቸውም እንዲጣራ አዘዘች። ጸሐፊው ጮክ ብሎ እየተናገረ መጻፍ ጀመረ። አንድ ኮት። አንድ ሰደርያ።

የኋላው አግዳሚ ወንበር ተንጫጫ። በኮሉንጋ መንግሥት ዕቃ ከመዘገበ ወዲያ ያ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ያየ ሰው የለም። የመዘምራኑ መሪ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለ። ኮቱም ሰደርያውም የእሱ እንደሆኑ፣ ቅዳሜ ሠርግ እንዳለበትና መዘምራኑን ያለ ኮት መምራት እንደማይችል በትሕትና አስረዳ። ዛብሎን ኮቱንና ሰደርያውን አውልቆ፣ በሥርዓት አጥፎ፣ ሰጠው። ቀጥሎ አስተማሪው ስለ ሰዓቱ ተነሣ፤ ያለ እሱ የትምህርት ቤቱ ደወል በግምት እንደሚመታ ተናገረ። ፀጉር አስተካካዩ ሄዶ ባርኔጣውን ከዛብሎን እጅ ወስዶ ተመለሰ። ክራቫቱን የሰጠው ሰው ከሁሉ ኋላ ቆሞ «የኔም አለች» ብሎ አጉረመረመ።

ጸሐፊው እየጻፈ ይሰርዛል። ወደ ጫማው ሲደርስ ናሾን ተነሣ።

«እርስዎ አሁን ሀብታም ነው ብለው መስክረዋል» አለችው ዳኛዋ።

«ሀብታም ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለ ናሾን። «ጫማው ግን የኔ ነው።»

ዛብሎን በባዶ እግሩ ቆመ። ኮቱ የሸፈነው ሸሚዝ ፊቱ ብቻ ነበር ነጭ፤ ጀርባው በሦስት ዓይነት ጨርቅ ተጥፏል። የተርፌና መርፌ ነው። አሁን ችሎቱ ሁሉ የሚያየው መጣፊያውን ነው። ዛብሎን ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ነገር ግን ያ ጀርባውን የባሰ አሳየውና ተመልሶ ዞረ።

ዳኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ልብስ የሚቆጥረው ፍርድ ቤቱ መሆኑን፣ ከሰውየው አፍ ግን አንድ ቃል መስማት እንዳለባት ነገረችው። መክፈል ይችላል ወይስ አይችልም? ራሱ በመሐላ ካልተናገረ አቤቱታውን ውድቅ ታደርጋለች።

ዛብሎን አፉን ከፈተና ዘጋው። ጀልባዋ ታየችው፤ በሆዷ ያለው ስንጥቅ ጣት ያስገባ ጀምሯል። ተርፌናን አየ። ነጠላዋን ከፊቷ አንሥታ ቀጥ ብላ ታየዋለች። ከዚያ ትከሻው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተሳበ፣ ደረቱም ተነፋ።

«ክብርት ዳኛ፣» አለ፣ «በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ድህነት የሚባል ነገር ካለ፣ አለቃው እኔ ነኝ።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። ዳኛዋ ብዕሯን አቆመች።

«ሌላው ሰው ድሃ ነኝ ይላል፤ ቤቱ ስትገቢ ወንበር አለው። የኔ ቤት ሌባ ገብቶ አዝኖልኝ ወጥቷል። አይጥ እኔ ዘንድ የምትመጣው ስንቋን ይዛ ነው። ከኪሱሙ እስከ ሆማ ቤይ ፈልጊ፤ በድህነት ዛብሎንን የሚስተካከል ወንድ ካገኘሽ እኔ ጫማውን እጠርጋለሁ፤ ጫማ ካለው ደግሞ ድሃ አይደለም።»

«ንገራት!» አለ ናሾን ሳያስበው፣ እንደ ዘፈን ቤቱ። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ገሠጸው፤ ግን ራሱም ፊቱን አዙሮ ነው የገሠጸው። ተርፌና በነጠላዋ ውስጥ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ነበር። ዳኛዋ ረዘም ላለ ጊዜ ወረቀት ላይ አቀርቅራ ቆየችና፣ ቀና ስትል ፊቷን አስተካክላ ነበር።

ጠበቃው የመጨረሻውን ሞከረ። ጓሮው ያለችው ጀልባስ? ዛብሎን አሁን ልሳኑ ተፈትቷልና ሁሉንም ዘረዘረ። ውሃ ያልነካች ጀልባ የማንም እንዳልሆነች፣ መንገዱ የአያቱ ጀልባዎች የወረዱበት እንደሆነ፣ ከዝናቡ በፊት ካልወረደች ማገዶ እንደምትሆን። ዳኛዋ፣ ጀልባዋ ለክሱ ምክንያት የሆነች ነገር ስለሆነች በሀብትነት አትቆጠርም አለች። የተዘጋ የጋራ መንገድ ደግሞ ሊሰማ የሚገባው ክርክር ነው ብላ፣ ያለ ክፍያ መዝገብ እንዲከፈት፣ ለአጎሮም መጥሪያ እንዲደርሰው አዘዘች። ናሾን ጫማውን ሊመልስለት ጎንበስ ሲል ዛብሎን እንቢ አለ። እስከ ሚኒባሱ በባዶ እግሩ ሄደ፤ ቁመቱንም ትንሽ ጨመረበት።

ጠበቃው ለአጎሮ የነገረው በማግስቱ መንደር ደረሰ። የመክፈል አቅም ከሌለው፣ ጊዜ ከሞላው፣ ንግግር ከማይሰለቸው ሰው ጋር መካሰስ እንደማያዋጣው ነው የመከረው። አጎሮ ሲያጉረመርም ሰነበተና፣ ዝናቡ ሳይጀምር አጥሩን ቆርጦ በር አበጀ።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ጀልባዋን ተሸክሞ በሩ ዘንድ ደረሰ። በሩ በአንድ ክንድ ጠበበ። ሰዎቹ ጀልባዋን አስቀምጠው ዛብሎንን አዩት። እሱ አልተቆጣም። ጎኗ ላይ ተደግፎ ተቀመጠና ናሾንን ወደ አጎሮ ቤት ላከው።

«ዛብሎን እስካሁን ድሃ ነው በለው» አለ። «ደህና ድሃ።»

አጎሮ ቁርሱን አቋርጦ የሽቦ መቁረጫውን ይዞ ወጣ።