ቀጣዩ ማቆሚያ፣ ጥዱ ሥር

ከተማው ሁሉ ድምጿን ያውቃል፤ ፊቷን የሚያውቅ ግን ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎችና ከጎረቤቶቿ በቀር የለም። አውቶቡስ ላይ «ቀጣዩ ማቆሚያ…» የምትለዋን ሴት ያልሰማ ማን አለ? እሷው ናት። በአውቶቡስ ድርጅቱ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ምንጣፍ በተለጠፈባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የማቆሚያ ስም ስትቀዳ ፀጉሯ ሸበተ። ባልደረቦቿ «እትዬ ድምፅ» ይሏታል። አንድ ቀን ተሳፍራ ስትሄድ ጎኗ የተቀመጠ ጎልማሳ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ አፍንጫዋን ይዛ ነው እንዴ የምታወራው!» ሲል ሰምታ፣ «እውነትህን ነው፣ እኔንም ታሰለቸኛለች» ብላው ወረደች።

አንድ ልማድ አላት። ቦታውን በዓይነ ኅሊናዋ ሳታይ ስም አትቀዳም። ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ገበያው ሲመጣላት ገበያውን ትላለች፤ ሆስፒታሉን ስትል ድምጿ ሳታውቀው ዝቅ ይላል። «ጥዱ ሥር» ስትል ደግሞ የሚታያት ቤቷ ነው፤ ከማቆሚያው ተወርዶ ወደ ግራ ሲታጠፉ ያለችው፣ በሯ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው። ያቺን ስም ስትጠራ ድምጿ ትንሽ ሞቅ ይላል። ይህን ማንም አያስተውለውም፤ ከባሏ በቀር።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰው በወረደ ቁጥር «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙ እዚያው ላይ ቀረ፤ ጋሽ ቀስ በሉ ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ሳይነካ ነድቶ በሰላም መሪውን አስረከበ። ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ መርሳት ጀመረ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቁልፉን ይዞ በሩ ጠፋበት። ዓይኑንም ሞራ ጋረደው። አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን መሃል ቆመና፣ «እመቤት፣ ማንን ፈልገው ነው?» አላት። ሲቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታየው ግን ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

«ኧረ እኔ ነኝ!» አለችው።

«ድምፄ! አንቺ ነሽ እንዴ?» አለና ቁርሱን ጠየቀ።

በትዳራቸው ሁሉ «ድምፄ» እያለ ነው የሚጠራት። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን ይህ ስም ሌላ ነገር ሆነባት፤ ፊቷን ቢረሳም ድምጿን አልረሳም ማለት ነው።

ሐኪሙ «የለመደውን አትከልክዪው» አላት። የለመደው አውቶቡስ ነው። ስለዚህ ጠዋት አብረው ይወጣሉ። እሷ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ትወርዳለች፤ እሱ በጡረተኛ መታወቂያው ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ በድሮ መስመሩ ይዞራል። ለአጠገቡ ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ድምፅ ማጉያው እያመለከተ «ሚስቴ ናት» ይላል። ሲበቃው «ጥዱ ሥር» ስትል ይሰማና ይወርዳል፤ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ይገባል። ስልክ ገዝታለት ነበር፤ «ረስተው እንዳይወርዱ» ብሎ ለማያውቀው ሰው አስረከበው። አድራሻ ጽፋ ኪሱ ብትከት ደግሞ ትኬት መስሎት ለተቆጣጣሪ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ድርጅቱ ቢሰማ መታወቂያውን ይነጥቀዋል፤ አእምሮው የታመመ ሰው ያለ አጃቢ አይሳፈርም የሚል ደንብ አለ። ቤት ዘግታበት መሄዱን አንዴ ሞክራው በመስኮት ሲወጣ ጎረቤት ነው የደረሰለት። እናም ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። «ጋሽ ቀስ በሉ እንዴት ነው?» ሲሏት «ደህና ነው፣ ጆሮው ትንሽ ከበድ አለው እንጂ» ትላለች። ጉድ እኮ ነው፤ ደህና የቀረው ጆሮው ብቻ ነበር።

ከተማው የማቆሚያዎችን ስም ለነጋዴ ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የሰፈሩ ሰው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። «ጥዱ ሥር»ን የፈለገው ድሎት ፍራሽ የሚባል ፋብሪካ ነበር፤ የላከውም ክራባቱ አንገቱን ያነቀው የሚመስል ወጣት።

«ጥዱ እኮ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ!» አለ ወጣቱ። «በሌለ ዛፍ ስም ሕዝብ ማውረድ ምን ይባላል?»

ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ብድግ አለ። «ፍራሹስ የታለና ነው?» ሲለው አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር ግን አልሳቀም። «ዛሬ ማቆሚያውን፣ ነገ ትምህርት ቤቱን፣ ከነገ ወዲያ መቃብሩን! ሞተን እንኳ በሳሙና ስም ልንቀበር ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰው አጨበጨበ።

ከዚያ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ታቅፋ ተነሳች። «ስሙ ለእኔ ምኔም አይደለም» አለች። «ባለፈው ክረምት እዚያ ጨለማ ውስጥ ይህን ልጄን መኪና ለጥቂት ሳተው። መብራት እናቆማለን፣ ከዝናብ የሚያስጠልል ጣሪያ እንሠራለን ካሉ ፍራሽም ይባል ትራስም ይባል፣ እኔ ተስማምቻለሁ።» 

እትዬ ድምፅ እጇን አጋምሳ አንስታ ነበር። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ምን ትበላት? «ለባሌ የቀረችለት ስም ይቺ ናት፤ ከወሰዳችሁበት ቤቱን አያገኝም» ልትል? ይህ ሁሉ ሰው ባለበት? ድርጅቱን ወክሎ መጥቶ አጠገቧ የተቀመጠው የክፍሏ ኃላፊ «የሚሉት አለ እንዴ?» ሲላት፣ «ኧረ የለም፣ ፀጉሬን ነው» አለች። ያነሳችውንም እጅ ፀጉሯ ላይ አሳረፈችው።

ስሙ ተሸጠ። ኃላፊው አዲሱን ስም ይዞላት ምድር ቤት ሲወርድ፣ እየተለማመጠች ለመነችው። «ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሁለቱንም ብልስ? ድሎት ፍራሽ፣ የድሮው ጥዱ ሥር ብልስ?»

«እኔ ምን ከፋኝ እትዬ? ውሉ ግን አሮጌው ስም አንዴም እንዳይጠራ ይላል። የከፈሉት ለዚያ እኮ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። አረንጓዴው በር አልመጣላትም። ፍራሽ ብቻ ታያት። እንደዚያው ቀዳችው።

አዲሱ ስም ሥራ የሚጀምረው ሰኞ ነው ተባለ። ሰኞን ፈቃድ ጠየቀች፤ አብራው ልትዞር። እስከዚያ እራት ላይ ታስጠናዋለች።

«ቀጣዩ ማቆሚያ፣ ድሎት ፍራሽ። በል አሁን ምን ታደርጋለህ?»

«አልገዛም።»

«ልትገዛ አይደለም፣ ልትወርድ ነው።»

«ያለን ፍራሽ ምን ሆነ?»

እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች፤ ከዚያ ሳቁ ያልቅና እንባው ይቀራል። አንዳንድ ማታ ግን ይያዝለታል። «እወርዳለሁ፣ ወደ ግራ እታጠፋለሁ» ሲል ግንባሩን ትስመዋለች። ጠዋት ስትጠይቀው ግን ከጭንቅላቱ ወጥቷል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ንጹሕ አየር ልትቀበል ወደ ግቢው ወጣች። ጥገና ላይ ከቆመ አውቶቡስ ውስጥ የገዛ ድምጿ «ቀጣዩ ማቆሚያ፣ ድሎት ፍራሽ» ሲል ሰማች። ክው አለች።

«ምንድን ነው እሱ? ሙከራ ነው?» አለችው ውስጡ የሚሠራውን ቴክኒሺያን።

«የምን ሙከራ፣ ከቀትር ጀምሮ ሁሉም አውቶቡስ ላይ ጭነነዋል! ሰኞ ሥራ እንዳይደራረብብን ብለን ነዋ» አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ጎረቤት ጋ ደወለች። «በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ አልገባም» አሏት። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እሷም አታውቅም፤ ስምሪት ክፍሉ ስትደርስ በሩን ገፍታ ገባች። ተረኛው ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ። «እትዬ፣ ምነው? ምን ሆኑ?»

«ጋሽህ ጠፋብኝ» አለች።

ተረኛው በሬዲዮ ሹፌሮቹን ጠየቀ። ከመካከላቸው አንዱ፣ አዲስ ተቀጣሪ፣ መለሰ። «አንድ ሽማግሌ በየማቆሚያው እየተነሡ ‹ጥዱ ሥር ነው?› ይሉኝ ነበር። እንደዚያ የሚባል የለም አልኳቸው። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ወርደው ሌላ አውቶቡስ ላይ ወጡ። የትኛው እንደሆነ ግን አላየሁም።»

ወሽመጧ ተቆረጠ። ከመስመሩ መጨረሻ የሚነሡት አውቶቡሶች አብዛኞቹ የሚሄዱት በቀለበት መንገዱ ነው፤ የጭነት መኪና እንደ ጎርፍ በሚወርድበት፣ ዓይኑ የሚያይ ሰው እንኳ ለመሻገር በሚጨነቅበት። እሱ ደግሞ መኪናውን የሚያየው አፍንጫው ላይ ሲደርስ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ቀይ ማይክ አለ። መንገድ ሲዘጋ ወይም አደጋ ሲደርስ ብቻ የሚከፈት፣ በሁሉም አውቶቡስ ላይ ባንዴ የሚሰማ። ተንደርድራ ያዘችው። «ጥዱ ሥር» ልትል አፏን ከፈተች፤ እዚያው ላይ ደሟ ቀዘቀዘ። ብትለው ይወርዳል። የትም ይሁን የት፣ በሩ በተከፈተበት ይወርዳል። ቀለበት መንገዱ ላይ ወርዶ ወደ ግራ ይታጠፋል። በራሷ ድምፅ መንገድ መሃል ልታስገባው ነበር!

ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከተማው ይስማ፣ ድርጅቱም ይስማ፣ የፈለጉትን ያድርጉ። ቁልፉን ተጫነችው።

«እኔ ነኝ፤ ድምፄ ነኝ። ገና አልደረስንም። እንዳትወርድ፤ እዚያው ቁጭ በል። ስንደርስ እኔው እነግርሃለሁ።» ድምጿ ተሰበረ። «ወገኖቼ፣ ግራጫ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ አጠገባችሁ ካለ ለሹፌሩ ንገሩልኝ። ባሌ ነው። ታሟል፤ ቤቱን አያውቀውም።»

ለቀቀችው። ተረኛው አፉን ከፍቶ ያያታል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የሚሄድ አልመስልሽ አላት። አንድ ሹፌር «እኔ ጋ የለም» አለ። ሌላውም የለም አለ። በየአንዳንዱ «የለም» የማታውቀው መንገድ፣ የወደቀ ግራጫ ኮፍያ፣ የቆመ የጭነት መኪና ታያት። «ወይኔ፣ በእጄ ገደልኩት» እያለች ጭኗን ትመታ ጀመር።

በመጨረሻ የአንዲት ሴት ሹፌር ድምፅ መጣ። «እዚህ ነው! ቀለበት መንገዱ ላይ ነን። በሩ ተከፍቶለት አንድ እግሩን አውርዶ ነበር። ድምፅዎን ሲሰማ ‹እሺ› ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን ሰው ቢለምነውም አይነሣም፤ ‹ሚስቴ ቁጭ በል ብላኛለች› ነው የሚለው።»

እትዬ ድምፅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እሪ አለች። ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች።

ያ አውቶቡስ ዞሮ በድርጅቱ በር ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ሰፈራቸው ይወርዳል። በሩ ላይ ጠብቃ ወጣች። ተሳፋሪው ሁሉ ማን እንደሆነች ገብቶት መንገድ ለቀቀላት። እሱ ከሹፌሯ ጀርባ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከጎኑ ልትቀመጥ ስትል በእጁ ከለከላት።

«ይቅርታ እመቤት፣ ሰው አለው። የሚስቴ ነው።»

ልትናገር ሞከረች፤ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ብረቱን ይዛ አጠገቡ እንደ እንግዳ ቆመች። አውቶቡሱ ቁልቁል ወረደ፤ የትምህርት ቤቱ አጥር አለፈ፤ የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ መጣ። ከጣሪያው ላይ የገዛ ድምጿ፣ ጥርት ብሎ፣ «ቀጣዩ ማቆሚያ፣ ድሎት ፍራሽ» አለ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ ሚስቴ አይደለችም» አለ። «ድምፁ የእሷን ይመስላል። ግን አይደለችም። ሚስቴ ቤታችን የት እንደሆነ ታውቃለች።»

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሹፌሯ በመስታወት እያየቻት ጠበቀች። በሩ ቢዘጋስ? አውቶቡሱ ቢያልፍስ? እትዬ ድምፅ ምራቋን ዋጥ፣ ዋጥ አደረገች፤ ጎንበስ ብላ አፏን ጆሮው ላይ አስጠግታ፣ የቀረቻትን ጥቂት ድምፅ ሰብስባ «ጥዱ ሥር» አለችው።

ወዲያው ተነሣ። «ምነው ድምፄ፣ ዘገየሽ እኮ» አለና ክንዷን ይዞ ደረጃውን ወረደ። «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ።»

ማቆሚያው ላይ አዲሱ ጣሪያ ተሠርቷል፤ የመብራቱ እንጨትም ተተክሏል። ሰኞ መታወቂያውን ይቀሙታል፤ ቀዩን ማይክ ያለ ፈቃድ ከፈትሽ ብለው እሷንም ከሥራ ያስወጧት ይሆናል። ያንን ትችለዋለች። የማትችለው ሌላ ነው፤ «ይቺ ሚስቴ አይደለችም» ሲል ምንም አልተጠራጠረም ነበር። ዛሬ ለማጉያው ነው ያለው፤ ነገ ለራሷ ቢለውስ?

ክንዱን አጥብቃ እንደያዘች ወደ ግራ ታጠፉ። እስከ በሩ ድረስ ጉሮሮዋ እያመማት፣ አንድ እርምጃ እንኳ ዝም ሳትል አወራችው።