የወንድሜ ጉርድ ፎቶግራፍ

ታላቅ ወንድሜ ቴፒ አጠገብ ባለ የመንግሥት ቡና እርሻ ለጸሐፊነት የቃል ፈተና ተፈትኖ፣ ውጤቱን ሳይሰማ በወባ ሞተ። ከፈተናው በኋላ ሁለት ሰኞ ሸሚዙን አጥቦ ሄዶ ጠይቋል። ሥራ ፈላጊ ካልታየ ይረሳል ይል ነበር።

በሕይወቱ የተነሣው ፎቶግራፍ አንድ ነው። እሱም ከማመልከቻው ጋር እዚያው ቀረ። እናቴ አምጣልኝ አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ሰኞ ዕለት ከሚዛን ተፈሪ በቡና ጭነት መኪና ሄድኩ።

የበሩ ዘበኛ የማን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቀኝ። የወንድሜ ነው ብዬ ስሙን ነገርኩት። በመዝገቡ የጻፈው የእኔን ሳይሆን የእሱን ስም ነው፤ ከዚያም በመጣሁ ቁጥር እንዲሁ።

መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ፋይሉን አገኘው። ነገር ግን ለባለቤቱ ካልሆነ አይሰጥም አለ። መሞቱን ነገርኩት። ከልቡ አዘነ፣ ነፍስ ይማር አለ። ቀጥሎም ሟቹ በአካል መቅረብ ያልቻለበትን ምክንያት ከቀበሌ በደብዳቤ እንዳመጣ አዘዘኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ አመጣሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልኩ። በሌላው ሰኞ ደማቅ ማኅተም አመጣሁ። ፈቃድ የሚሰጡት የቅጥር ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ሰኞም ስብሰባው አላለቀም።

በአምስተኛው ሰኞ ኃላፊው አስጠሩኝ። የቀበሌው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ገና ቁጥር ስላልተሰጠው አላዩትም። ተነሥተው ጨበጡኝ። ከፈተናው በኋላ ተፈታኞቹ ሁሉ ቤታቸው ሲቀመጡ በየሰኞው የመጣሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ከዘበኛው መዝገብ አንብበው አመሰገኑኝ። የቅጥር ደብዳቤው ተጽፏል። የወንድሜ ፎቶ ተለጥፎበት፣ ማኅተም አርፎበታል።

ወንድሜና እኔ እንመሳሰላለን። ዝም ማለት እችል ነበር።

«እሱ ሞቷል» አልኩ።

ኃላፊው መዝገቡን ገለጡ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰኞ የመጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ፎቶውን ፈልጌ ነው።»

መዝገቡን ዘጉ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ምላጭ አወጡና ፎቶውን ከደብዳቤው ላይ ቆርጠው ሰጡኝ። ደብዳቤውን አስቀሩት፤ የመንግሥት ሰነድ ነው።

እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ደረቱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም በጣቷ ነካችው። ምንድነው አለች። የቅጥሩ ማኅተም ነው፣ ፈተናውን አልፏል አልኳት።

ከዚያ በኋላ ዘግይቶ ለሚመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ፎቶውን እያሳየች፣ «ሥራ ይዞ ነበር እኮ» ትል ጀመር። እኔም ጎኗ ተቀምጬ አዎ እላለሁ።