በፌርፋክስ የተሞከረ የበረዶ ጎማ

አሁንም ቢሆን በጎማ ጠጋኝ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር፣ ጎማ ሲበሳ የሚወጣው ያ የሚከረፋ፣ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ አብሮኝ ያለው ሰው ፊቱን አጨማዶ እርምጃውን ሲያፈጥን እኔ ቆም ብዬ ወደ ውስጥ እስበዋለሁ። ለእኔ ያ ሽታ ዌስት አዳምስ በሚባል ሰፈር የነበረው የቤታችን ሳሎን ሽታ ነው፤ አባቴ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ተንበርክኮ፣ በተዋሰው መሰርሰሪያ የብስክሌት ጎማ ሲበሳ፣ እማዬም መስኮቶቹን ሁሉ ወለል አድርጋ ከፍታ «ኧረ ጎረቤት ቤቱ ተቃጠለ ብሎ ፋየር ትራክ እንዳይጠራብን!» እያለች ስትዞረው የነበረበት የዚያ ታኅሣሥ ሽታ ነው። በረዶ በማያውቅ ከተማ ተቀምጦ፣ በረዶ ሳያይ፣ የበረዶ ጎማ የሠራ ሰው ከአባቴ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ጎማው የተሠራው ለአጎቴ ለደረጀ ነበር። ደረጀ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምር እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሶፋው ላይ ይተኛ ነበር፤ ጠዋት ብርድ ልብሱን አጣጥፎ፣ ቁርሴን አብልቶ፣ ጸጉሬን እንደነገሩ ጎንጉኖ ትምህርት ቤት ካደረሰኝ በኋላ፣ በአሮጌ ብስክሌቱ የአበሻ ምግብ ቤቶች ወደተደረደሩበት ወደ ፌርፋክስ መንገድ ወጥቶ እማዬ በምታበስልበት በእትዬ ሙሉ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥብ ነበር። የጎነጎነው ጸጉር እስከ ምሳ ሰዓት አይቆይም፤ እኔ ግን እንዲፈታብኝ ስለማልፈልግ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ሳላዞር እውል ነበር። አባቴ በዕድሜ እጅግ ይበልጠው ስለነበር እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ አባት ነበር የሚቆጣው፤ አያቴ ልትሞት ስትል «ወንድምህን አደራ» ብላው ነበርና፣ አደራ ማለት ለእሱ ከዓይን ሳያርቁ መጠበቅ ማለት ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ሚኒሶታ የሚኖር አንድ ጓደኛው ለደረጀ ፋብሪካ ውስጥ ቋሚ ሥራ አገኘለት። ሚስቱን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ቋሚ ሥራ ያስፈልገው ስለነበር ደስታውን መደበቅ አቅቶት ሰነበተ። አባቴ ግን እዚህ ሆነን አብረን እንፈልጋለን፣ እዚያ ብርዱ ሰው ይገድላል፣ ማን አለህ እያለ ሲከራከረው ቆይቶ፣ ደረጀ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ብሎት ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሂድ! ሂድ! ስትሰበር ግን ስሜን እንዳትጠራ!» አለው። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። ደረጀ አንገቱን ደፍቶ፣ እኔን ግንባሬን ስሞኝ ወጣ። በእኛ ቤት ቃል እንደ ዋዛ አይወረወርም ነበር፤ ከታላቅ አፍ የወጣ ከሆነ ደግሞ ይደርሳል ተብሎ ይፈራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መኸር የዝምታ መኸር ነበር። ከበረሃ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ የዘንባባውን ዝንጣፊ መንገድ ላይ ሲበትን፣ እኛ ቤት ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ከፍተን፣ እማዬ ከደረጀ ጋር በስልክ ስታወራ አባቴ ያልሰማ ለመምሰል ቴሌቪዥን ላይ ያፈጥ ነበር፤ ድምፁን ግን ቀስ አድርጎ ይቀንሰው ነበር። አባቴ፣ ደረጀ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ እስኪጠይቀው ይጠብቅ ነበር። ታላቅ ለታናሽ አይደውልም። እማዬም ይህን ስለምታውቅ፣ የምትሰማውን ሁሉ ጮክ ብላ ትደግመው ጀመር፤ «እንዴ፣ በረዶ ጀመረ? በዚያ ሰዓት ባስ የለም? በብስክሌት ነው የምትሄደው?» ትል ነበር፣ ሳሎኑን ብቻ ሳይሆን ፎቁን ሁሉ እያሰማች።

አንድ ቀን ግን መድገሙን ተወች። ስልኩን ዘጋችና «ወድቋል» አለች፣ «በረዶው ስሊፕ አድርጎት። እጁ ወለም ብሎታል። መሥራት አላቋረጠም፤ ከቀረ ያባርሩታል።» አባቴ ተነሥቶ ወጣና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሣ ተቀመጠ። ተከትዬው ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩ። ለልጅ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ግን ነገረኝ። «ቃሌ እየፈለገው ነው» አለኝ፣ «ዛሬ ወለምታ ነው። ስትሰበር ነው ያልኩት።» እማዬም መጥታ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «እንግዲያው ደውልና ቃልህን አንሣዋ!» አለችው። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አባቴ ፈርቷል። አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር።

የጎማውን ነገር ያመጡት ጋሼ ሰይድ ናቸው። ጋሼ ሰይድ ኢንግልዉድ የሚኖሩ ወሎዬ ታክሲ ነጂ ሲሆኑ፣ ሚኒሶታን ሞክረው፣ በእሳቸው አባባል ጆሯቸው ከመውደቁ በፊት ሸሽተው የመጡ ሰው ነበሩ። እምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆመው፣ «እዚያ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጎማው ጥርስ አለው» አሉ፤ «ብሎን ብሎን የሚያህል ብረት ወጣ ወጣ ብሎ በረዶውን ይነክሰዋል። ያለዚያማ አበደ እንዴ ሰውዬው?» አባቴ በማግስቱ ከፓርኪንግ ሥራው ሲወጣ በቀጥታ ብስክሌት ቤት ሄዶ ጠየቀ፤ ሻጩ ልጅ መሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም። እማዬ «ኦኬ፣ ኦንላይን እንዘዝለት» ስትለው «ኦንላይን የሚመጣውን ማን ሞክሮታል?» ብሎ፣ ሁለት አሮጌ ጎማና አንድ ከረጢት ትንንሽ ብሎን ይዞ ቤት ገባ።

እማዬ በዘዴ ደረጀን «እስቲ ጎማህ ጎን ላይ የተጻፈውን አንብብልኝ» ብላ ልኩን አጣርታ ነበር፤ እሱም ግራ ገብቶት «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» አላት። አባቴ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር እየበሳ፣ ብሎኖቹን ከውስጥ ወደ ውጭ እያጠበቀ፣ ካቻቢቴው መዳፉን አቁስሎት በጨርቅ ጠቅልሎት ይሠራ ነበር። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ተነፍቶ ሲያድር የብሎኖቹ ራስ የውስጡን ጎማ ቧጥጦት ጠዋት እንደ ቂጣ ተጣብቆ አገኘነው። አባቴ ሳይናደድ ሁሉንም አወጣው፣ አሮጌ የውስጥ ጎማ ለሁለት ቀዶ እንደ ገበር ከብሎኖቹ ራስ ላይ አለበሰው፣ እንደገናም ጀመረ። ግልፍተኛ የምለው ሰው እንደዚያ ሲታገሥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥሎ መሞከር ነበረበት። እትዬ ሙሉ ባለ በረዶ ማሽን ስለሆኑ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምግብ ቤቱ ጓሮ ተሰበሰብንና እሳቸው በባልዲ ያመጡትን በረዶ አስፋልቱ ላይ ደፉት። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል፤ ታኅሣሥ ነው፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን ጭንቅላቱ ላይ ጥሏል። ጋሼ ሰይድ አይተው በሳቅ ሞቱ። «ኧረ እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ለኮካ የሚሆን ነው! እዚያ ያለውኮ እንደ መስታወት የተነጠፈ ነው።» እትዬ ሙሉ እልኸኛ ነበሩና፣ በሰፋፊ ትሪ ውሃ እየሞሉ ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ ሲደረድሩ ሰንብተው፣ በሚቀጥለው እሑድ የቀዘቀዘውን ገልብጠው፣ እንዳይንሸራተት እርጥብ የሩዝ ጆንያ ላይ፣ በግድግዳው ጥላ ሥር አነጠፉት። አሁን ጋሼ ሰይድ በእግራቸው ነካ አድርገው «አዎ፣ ይሄ ገዳዩ ነው» አሉ።

ደረጀ ትቶት የሄደው ብስክሌት መጣ። አባቴ ግን ልዩነቱን ሳላውቅ ምኑን እልካለሁ ብሎ፣ መጀመሪያ በተለመደው ጎማ ካልሄድኩ አለ። ትንሽ ነዳ፣ በረዶው ላይ ወጣ፣ የፊቱ ጎማ ከሥሩ ሄደና በጎኑ ዘፍ አለ። ሳቅን። ከዚያ ግን ሳይነሣ ሲቀር ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። እማዬ ሮጣ ክንዱን ስትይዘው፣ እርጥቡ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያትና «እንዲህ ነው እንዴ የሚወድቀው?» አላት። «ገና ሳይነጋ፣ ብቻውን፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚወድቀው ልጁ?» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ በሰው ፊት መሆኑንም የረሳ ይመስል አልጠረገውም። ጋሼ ሰይድ ጎንበስ ብለው ጎማውን መፍታት ጀመሩ።

በባለብሎኑ ጎማ ሲነዳው በረዶው ከሥሩ ይንኮሻኮሽ ነበር። ጎማው ግን ወዴትም አልሄደም። እትዬ ሙሉ እልል አሉ፤ ከጎን ያለው ሱቅ ሰዎች ሙሽራ የመጣ መስሏቸው ወጥተው አዩን። አባቴ ዞሮ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ፣ ሆን ብሎ ፍሬን እየያዘ፣ መሪውን እያጣመመ፣ በረዶው ቀልጦ ጆንያው ውሃ ብቻ እስኪሆን ድረስ አልወረደም።

እማዬ ጎማውን በካርቶን አሸገችው፤ በርበሬም ልትጨምርበት ስትል አባቴ «ልጄ መንገድ ላይ ሲያስነጥሰው ይወድቅብኛል» ብሎ ከለከላት። ልጄ ማለቱን ሁላችንም ሰማን። ማስታወሻ ግን አላስገባበትም፣ ሰላም በይልኝ እንኳ አላላትም።

ጥር ላይ፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ ስልክ ተደወለ። እማዬ ያን ቀን ስፒከር ላይ ስላደረገችው ሁላችንም እንሰማ ነበር። ደረጀ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ጋሼ አለ?» አላት። ስልኩን አባቴ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ዛሬ መንገዱ ሁሉ ብርጭቆ ነበር። ሰው ሲወድቅ ነው የዋለው። እኔ አልወደቅኩም።»

አባቴ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋው። «ነፋስ አልቀነሰም ጎማው?»

«አልቀነሰም።»

«ደረጀ፣» አለ አባቴ፣ «ያን ቀን በር ላይ ያልኩህን አንሥቼልሃለሁ። ብትወድቅም ባትወድቅም ስሜን ጥራ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ደረጀ። እማዬ እጄን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደችኝና፣ ያለ ምንም ምክንያት የታጠበ ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

በዚያ ጎማ እስከ ፀደይ ነዳ፤ ብሎኖቹ ተልገው እንደ ሽንብራ ድቡልቡል እስኪሉ ድረስ። ሥራውን አላጣም፤ በዓመቱ ሚስቱ መጣች። ዛሬ የሚሞቅ ጋራዥ፣ የሚሞቅ መኪና፣ በረዶ ላይ በገዛ ፈቃዳቸው የሚንሸራተቱ ልጆች አሉት፤ አባቴ ቪዲዮአቸውን ሲያይ ዓይኑን በእጁ ይከልላል። ዛሬ በቤታችን ፍቅር በየስልኩ መጨረሻ ይነገራል፣ በየመልእክቱ ልብ ይላካል፤ ልጆቻችን በር ላይ እንደዚያ ያለ ቃል ሰምተው አያድሩም፤ ለዚህም አመስጋኝ ነኝ። ግን ፍቅሩን መናገር ተስኖት መዳፉን የሚያቆስል ሰው ቤት ውስጥ በማደጌ ይበልጥ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ክረምት የደረጀ መኪና መንገድ ስታ ተንሸራታ ከቦይ ውስጥ ቆመች፤ እሱ ምንም አልሆነም። ማታውኑ ደውሎ ለአባቴ ሲያወራለት «እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፣ ጋሼ» አለው። «መሪው ከእጄ ሲወጣ ሰው ሁሉ ማርያምን ነው የሚጠራው። እኔ አንተን ጠራሁ።»

አባቴ ተቆጣ። ከልቡ ተቆጣ። «አንተ! እኔ ምን ላደርግልህ ነው? መጀመሪያ እሷን ጥራ!» አለውና፣ ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚያ እኔን» አለው።