ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ፏፏቴ

ትናንት እንጅባራ ቤታችን፣ የጣሪያው ውሃ በርሜሉ ውስጥ ሲንዶለዶል ስሰማ ደሜ ፈላ። ባለቤቴ "ምን ሆንሽ?" አለኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ጃዊ ቆላ፣ አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣበት መንደር ነበር። በክረምት ብቻ የሚወርድ ፏፏቴ ላሳይሽ ብሎኝ፣ አንድ ቀን በዚያ ሐሩር ይዞኝ ሄደ። ውሃው ሲያስገመግም ከሩቅ ሰማሁት፤ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከገደሉ አፋፍ ግን አዲስ የሽቦ አጥር ቆሟል። ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ ጥበቃ "መሬቱ የባለሀብት ነው፤ ተመለስ" አለው።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። "ጌታዬ፣ ልጄ አንዴ ትየውና እንመለሳለን። እባክዎ።"

"አልሰማህም?"

በዕድሜ ልጁ የሚሆነውን ጎረምሳ ለምን "እርስዎ" እንዳለው አልገባኝም። ስንመለስ አባቴ በመንገድ ላይ "እኛንም ሲያመጡን ባዶ መሬት ነው ብለውን ነበር፤ ሰው ግን ነበረበት" አለ፤ እሱም አልገባኝም። ቤት ስንደርስ ለእናቴ "ደርቆ አገኘነው" አላት።

ይህን ስነግረው ባለቤቴ "ድሮ ነው፤ ተይው" አለኝ።

"አልተወውም" አልኩት። "አባቴ ሲለምን አይቻለሁ፤ ፏፏቴውን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም።"