ከሰማይ ዳጉ መጣ ወይ?

የያዙኝ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ነው። አውቶቡሱ ለምሳ ቆሞ፣ ጥብስ አዝዤ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ ሁለት ሰዎች ወንበሬ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። አንደኛው ስሜን ጠራና "አንድ ጊዜ ትፈለጋለህ" አለኝ። ጥብሱ ሲመጣ ያየሁት ከመኪናቸው መስኮት ነው።

ወደ አዲስ አበባ የምሄደው የሠርግ ልብሴን ልገዛ ነበር። ሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ካርዱም የእጮኛዬ አገር ኮምቦልቻ ውስጥ ግማሹ ተበትኗል። እነሱ ግን የመጣሁበትን መንገድ ይዘውኝ ተመለሱ። አዳይቱን አለፍን፣ ሚሌን አለፍን፣ ፊዚክስ የማስተምርባት ሰመራ ስንደርስ አንድ ግቢ ውስጥ አስገቡኝ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በየቀኑ በበሩ አልፍ ነበር፤ አንድም ቀን ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ክፍሉ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ መስኮት የለውም። ነፋስ የሚገባው ከበሩ ሥር ባለች አንዲት ስንጥቅ ብቻ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ከአዳይቱ ወገን የመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ምንጣፋቸውን አንጥፈዋል። ሌላው እስረኛ የወሎ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፤ ያሳፈረውን መንገደኛ ማንነት አላውቅም በማለቱ ነው የገባው።

"መምህር፣ ሱሪህን አውልቅ። ወላሂ እዚህ በሱሪ ከዋልክ ትቀቀላለህ" አለና ትርፍ ሽርጡን ወረወረልኝ።

በማግስቱ መርማሪው ፊት ቀረብኩ። የምስክርነት ወረቀቱ ተተይቦ አልቋል። አብሮኝ የሚያስተምረው የታሪክ መምህር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰው ሰብስቦ ሲቀሰቅስ እኔ "አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ" እንዳልኩ ይናገራል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። በተባለው ሰዓት እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። ስብሰባ መኖሩንም አላውቅም፣ አለመኖሩንም አላውቅም።

"ፈርምና ለሠርግህ ድረስ" አለኝ መርማሪው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። "እስከ ሐሙስ አስብበት።"

መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ልፈርም አስቤ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ታሪክ መምህሩ ሳይሆን ስለ እጮኛዬ ነው። ድንኳኑ፣ እንግዳው፣ የእናቷ ፊት፣ ይኸው ነበር ሐሳቤ።

ሽማግሌው ከእኔ ጋር ብዙም አይነጋገሩም ነበር። ውሃ ያቀብሉኛል፣ እንዴት አደርክ ይሉኛል፣ በቃ። ግቢው ውስጥ ሌላ አፋር ሲያገኙ ግን ሰውየውን ፊት ለፊት አስቀምጠው በአፋር ወግ ዳጉ፣ ማለትም ወሬ፣ ይጠይቁታል። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ሰውየው ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ ይናገራል፤ የሰማውን ደግሞ ከማን እንደሰማው ይጨምራል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና አንድ ቃል ሳይጨምሩ ለሌላው ያስተላልፋሉ። በዳጉ የዋሸ ሰው ሁለተኛ የሚጠይቀው የለም። እኔን አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

"አትቀየማቸው" አለኝ ሹፌሩ። "እኔንም ዳጉ የጠየቁኝ ይህን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበት ነው።"

ረቡዕ ቀትር ላይ ሦስታችንም በጀርባችን ተጋድመናል። ቆርቆሮው አሮጌ ነው፣ የምስማር ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ጣሪያው በብርሃን ነጥብ ይሞላል። ሹፌሩ አንዷን አመልክቶ "መምህር፣ ያቺ ኮከብ ማን ትባላለች?" አለኝ። ሊያሾፍብኝ ነው። እኔ ደግሞ ጥያቄ ካገኘሁ አልለቅም፣ ማስተማር ጀመርኩ። እያንዳንዷ ነጥብ ፀሐይ ናት እንበል፤ በየፀሐዩ ዙሪያ ዓለማት ይዞራሉ፤ ከነዚያ በአንዱ ላይ እንደኛ የሚያስብና ሬዲዮ የሚሠራ ፍጥረት ካለ ብለው፣ ሰዎች እንደ ዲሽ ያሉ ትልልቅ ሳህኖች ተክለው ወደ ሰማይ ያዳምጣሉ አልኳቸው።

ሽማግሌው ተነስተው ተቀመጡ። "ምን ሰሙ?"

"እስካሁን ምንም፣ አባቴ።"

"የሉማ! ወይም ሚሌ ኬላ ላይ ተሰልፈዋል" አለ ሹፌሩ።

"የሉም አይባልም" አልኩት። "አላገኘናቸውም ነው የሚባለው። ግመል የጠፋበት ሰው ከቤቱ ጀርባ ብቻ ፈልጎ፣ በረሃው ላይ ግመል የለም ይላል? ርቀቱ ይከብዳል። ዛሬ ቢጣሩ ድምፃቸው እኛ ጋ እስኪደርስ እኛም እነሱም አልቀን ሊሆን ይችላል። ምናልባት ከኛ በፊት ኖረው ጠፍተዋል፤ ምናልባትም እኛ ቀድመን መጥተን ይሆናል። ዝም ማለት መርጠውም ይሆናል።"

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉ ሽማግሌው። "አሉ? የሉም?"

"ልቤ አሉ ይላል። ልቤ ያለውን ግን አየሁ ብዬ አልናገርም። ያላየሁትን አልፈርምም።"

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ሹፌሩም ገብቶታል። ሽማግሌው ጥርሳቸውን በመፋቂያቸው እየፋቁ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ።

"እነሱም ዳጉ ይኖራቸው ይሆናል" አሉ በመጨረሻ። "ሰውየውን ሳያውቁት ወሬ አይሰጡም። ውሸታም ከሆነስ?"

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው እስክሪብቶ ሰጠኝ። ከተተየበው ሥር "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩና ፈረምኩ።

"ሠርግህስ?"

"ትጠብቀኛለች።" መጠበቋን አላውቅም ነበር። ያላወቅሁትን የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተርክም። በግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አልሰማም።

ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ ሽማግሌው አዩኝ። ምንጣፋቸውን ከበሩ ሥር አንስተው ነፋሱ ያለበትን ቦታ ለቀቁልኝ፣ ደግፈው አስቀመጡኝ፣ ፊቴንም በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉልኝ። ቀጥለው ሽርጣቸውን ሰብስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ምን አየህ? ምን ሰማህ?" አሉኝ።

ያየሁትን ለብቻ፣ የሰማሁትን ለብቻ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን ስቀበል እንደዚያ ቀን አልኮራሁም።

የሠርጌ ቀን እዚያው አለፈ። ከወራት በኋላ ስፈታ እጮኛዬ አዲስ ካርድ አላሳተመችም፤ በተረፉት ካርዶች ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ሰርዛ አዲሱን ጻፈችበት። እሱም ታስሮ ከኔ በፊት የተፈታው የታሪክ መምህር ሚዜዬ ሆነ። አሁንም ሰመራ ነው የማስተምረው፣ ጎበዝ ተማሪ በማልሰማበት በግራዬ በኩል እንዳይቀመጥ እያደረግሁ።

ባለፈው በጋ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚሌ ላይ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የማላውቀው የአፋር ጎልማሳ መጥቶ ትክ ብሎ አየኝ።

"ያላየሁትን አልፈርምም ያልከው መምህር አንተ ነህ?"

ነኝ አልኩት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሽማግሌው ደህና ናቸው፣ ግመሎቻቸውም ደህና ናቸው አለኝ። ይህን በዓይኑ አይቷል። ቀጥሎ የተላከበትን ተናገረ።

"መምህሩን ካገኘህ ጠይቀው ብለውኛል። ከሰማይ ዳጉ መጣ ወይ?"

ሻዬን አስቀመጥኩና ደህናውን ጆሮዬን ወደ እሱ አዞርኩ። እንደ ወጉ ቀስ ብዬ ነው የመለስኩለት።

"እስካሁን ያየነው የለም፣ የሰማነውም የለም። መፈለግ ግን አላቆምንም በላቸው።"

አንድ ጊዜ ደገመው፣ ቃል በቃል። ከዚያ ተነስቶ ወደ አዳይቱ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጣ።