የእትዬ ብርሃነሽ ሽሮ

እትዬ ብርሃነሽ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ሁለቱን ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት አሳልፈዋል። ጡረታ ሲወጡ ሆቴሉ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ ወጥ ቤቱ ደግሞ በበኩሉ የጉልበት ሕመም፣ ጭስ ያደከመው ዓይንና ስኳር በሽታ አሸክሞ ሸኛቸው። "ሰዓቱ በዓመቱ ቆመ፤ ሌሎቹ ግን አንድ ቀን ሳያዛንፉ ይሠራሉ" ይላሉ።

ቤታቸው ሀዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ከአውቶቡሶቹ ጩኸት ሦስት ቅያስ ገባ ብሎ ነው። እኔ ከእሳቸው ሦስተኛው ቤት ነኝ። የምነግራችሁን ጥቂቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን እሳቸውና ጎረቤታቸው እትዬ ሙንተሃ እየተሻሙ፣ አንዳቸው የሌላቸውን ወሬ እያረሙ ነግረውኛል። ጊዜው የክርስቲያኑ ሁዳዴና የሙስሊሙ ረመዳን የተገጣጠሙበት ወር ነበር፤ ዕለቱ ሐሙስ።

እትዬ ብርሃነሽ እንደ ልማዳቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው መጀመሪያ ቀኝ ጉልበታቸውን ዘረጉት፤ ዝም አለ። ግራውን ዘረጉት፤ ቋ አለ። "እንደምን አደርክ" አሉት። ሁልጊዜም ሰላም የሚሉት የሚጮኸውን ነው፤ ዝም ያለውን አያምኑትም። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጣታቸውን ወግተው ስኳራቸውን ለኩ። ቁጥሩን ለማየት መለኪያውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉትና "ደህና ነህ" ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ኪኒናቸውን በውሃ ዋጡ። ቁርስ የሚባል ነገር ግን አልነኩም። ይኼን ልብ በሉልኝ።

ግቢያቸው በቀለም ቆርቆሮ የተሞላ ነው። በእኛ ሰፈር ቤቱን ቀለም ያስቀባ ሰው ባዶውን ቆርቆሮ ለእትዬ ብርሃነሽ ማምጣት ግዴታው ነው፤ ካላመጣ ይጠየቃል። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ውስጥ አበባ አለ። ከሁሉም መሃል አንዱን ጽጌረዳ በሟች ባላቸው ስም ገብረጻድቅ ይሉታል፤ ሲፈልግ እንጂ ሲለምኑት አያብብም። ሁሉንም በተራ አጠጥተው ሲጨርሱ ጥላ ፈልገው ዳንቴላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ለእትዬ ሙንተሃ ቴሌቪዥን የሚሆን ልብስ ነው። ከመስከረም ጀምረው ይዘውታል፤ ቀዳዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ስለሚቆጥሩ ይሳሳታሉ፤ ሦስት ጊዜ ተርትረውታል። አይከፋቸውም። "ቴሌቪዥኑ አይበርደውም" ነው የሚሉት።

እትዬ ሙንተሃ ከአጥሩ ማዶ ናቸው። ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ ሳቃቸው ግን ወፍራም የሆነ ሴት። ሁለቱ ሠላሳ አራት ዓመት ተጎራብተዋል። በመሃላቸው ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ ባሎቻቸው በሕይወት ሳሉ መሰላል ለመዋዋስ የቆረጧት ትንሽ በር አለች። ባሎቹም ሄዱ፣ መሰላሉም ተሰበረ፤ በሯ ግን እስከ ዛሬ ስትንቋቋ ትውላለች።

በጥር ወር እትዬ ሙንተሃ ስኳራቸው ወርዶ ቧንቧው አጠገብ ወድቀው ነበር። ያገኟቸው እትዬ ብርሃነሽ ናቸው። በማግስቱ የእትዬ ሙንተሃ አንዲቷ ልጅ ሩዋይዳ ከአዳማ ደረሰችና "እማ፣ ሁለተኛ ብትወድቂ ቤቱን አከራይቼ ይዤሽ ነው የምሄደው" አለች። ቀልዷን አልነበረም። ስትሄድ እትዬ ብርሃነሽን ለብቻ ጠርታ "እትዬ፣ መብላቷን እርስዎ ይዩልኝ፤ አደራ" አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ብርሃነሽ አንድ ፍርሃት አደረባቸው። ስኳሩን ለምደውታል፤ ሞትንም ቢሆን "ገብረጻድቅ ጋ ነው የምሄደው" ብለው ታርቀውታል። የሚፈሩት አንድ ጠዋት ያቺን የቆርቆሮ በር ከፍተው ማዶ የማያውቁት ተከራይ እንዳያዩ ነው።

ጾሞቹ ሲገቡ የሁለቱም ሐኪም አንድ ቃል ተናገረ፤ ኪኒን ውጦ ባዶ ሆድ መዋል የለም። የእትዬ ብርሃነሽ ንስሐ አባት "ከሥጋና ከወተት መከልከልዎ ይበቃል፤ በጠዋት ይብሉ" አሏቸው። የእትዬ ሙንተሃ ኢማም ደግሞ "ለበሽተኛ ተፈቅዷል፤ በምትኩ ምስኪን ያብሉ" አሏቸው። ሐኪሙ፣ ቄሱና ሼኩ ተስማሙ። ያልተስማሙት ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

እውነቱን ልናገር፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ግትርነታቸው ግን ያናድደኛል። እያንዳንዳቸው "እኔ እችለዋለሁ፤ የማትችለው እሷ ናት" ብለው አምነዋል። እትዬ ብርሃነሽን ብትጠይቋቸው፣ ከሰባት ዓመታቸው ጀምረው ጾመዋል፤ በሁዳዴ በጠዋት መብላት ሌብነት ይመስላቸዋል። እትዬ ሙንተሃ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲያፈጥር እንግዳ መስለው መቀመጥ ያሳፍራቸዋል። ሁለቱም የማይሉት ነገር ቢኖር አርጅቻለሁ የሚለውን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ሙንተሃ በዘይት የተሠራ ቂንጬ በበሯ ያቀብላሉ። እትዬ ብርሃነሽ "እጅሽ ይባረክ" ብለው ይቀበሉና ቁም ሳጥን ውስጥ ከድነው ያስቀምጡታል፤ የሚበሉት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ እትዬ ብርሃነሽ ምሳ ያቀብላሉ። እትዬ ሙንተሃ "አላህ ይስጥልኝ" ብለው ይቀበሉና ከድነው ያስቀምጡታል፤ የሚበሉት ማታ ሲያፈጥሩ ነው። ሳህኖቹ በማግስቱ ታጥበው ይመለሳሉ። "በላሽ?" "በላሁ።" መቼ ብሎ የጠየቀ የለም።

ደስ ብሏቸውም ነበር። በሌላው ጊዜ የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ ይባልና ድስት ለድስት ይራራቃሉ። በሁዳዴ ግን የእትዬ ብርሃነሽ ድስት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ብቻ ስለሆነ እትዬ ሙንተሃ "አሁን ድስትሽ የእኔም ነው" ይላሉ።

ያን ሐሙስ እትዬ ብርሃነሽ አምስት ሰዓት ላይ ሽሮ ጣዱ። ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ በርበሬውን ጨምረው፣ ሽሮውን በትነው አማሰሉ። ጨው በማንኪያ ሞልተው ጨመሩ። ድሮ በእጃቸው ነበር የሚበትኑት፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ነው ማንኪያ የያዙት። ገና ማማሰያውን ሲያነሡ ስልኩ ጮኸ። ሩዋይዳ ናት።

"እትዬ፣ እንዴት አደሩ? እማ እየበላች ነው?"

"ትበላለች እንጂ የኔ ልጅ! እኔው ነኝ በእጄ የማቀብላት። ሳህኑ ጥርግ ብሎ ነው የሚመለሰው።"

"ተመስገን፣ ልቤ አረፈ። እውነቴን ነው እትዬ፣ እስካሁን ሳልወስዳት የቀረሁት እርስዎን አምኜ ነው።"

እትዬ ብርሃነሽ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ድስቱ ተመለሱ። ሽሮው ይንተከተካል። ጨው ጨምሬያለሁ? አልጨመርኩም? ቢቀምሱ በአንድ ምላስ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ግን እንዴት ይቅመሱ፤ ገና ስድስት ሰዓት እንኳ አልሞላ። አሸተቱት። ጨው አይሸትም። "አልጨመርኩም" ብለው ወሰኑና ሌላ ማንኪያ ሞልተው ጨመሩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሳህኑ በቆርቆሮዋ በር አለፈ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ብርሃነሽ ከዳንቴላቸው ቀና ብለው ተጣሩ።

"ሙንቴ! በላሽ?"

"በላሁ ብርዬ! ወላሂ ዛሬስ ጣት ያስቆረጥማል!"

እትዬ ብርሃነሽ ፈገግ አሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያመሰግኗቸው ኖረው እንኳ ምስጋና አይሰለቻቸውም። ሬዲዮናቸውን ከፍተው፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ትንሽ አንቀላፉ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ አበቦቹን ያወዛውዛል። ደግ ቀን ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እጃቸውን ታጥበው፣ አማትበው፣ እንጀራውን በሽሮ አጥቅሰው ጎረሱ።

"በስመ አብ!" ብለው ተፉት።

መጀመሪያ የመጣባቸው እፍረት ነው። ጨው ታውቃለች የተባለላቸው ሴት፣ ለእንግዳ ቢያቀርቡት ኖሮ ሰፈር የሚያስለቅቅ ሽሮ ሠርተዋል። ውሃ ጠጡ፤ እንደገና ጠጡ። "ምስኪን ሙንቴ፣ ይኼን ሁሉ ጨው..." ብለው ሳይጨርሱ ቆሙ። ይኼን ሽሮ በአፉ ያዞረ ሰው ጣት ያስቆረጥማል አይልም። ያለ እንደሆነ አልነካውም። ዛሬ ካልነካው ደግሞ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም... የሩዋይዳ "ሁለተኛ ብትወድቂ" ጆሯቸው ውስጥ ጮኸ።

"ሙንቴ!" ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። "ሙንቴ!"

ጉልበታቸውን የት እንደጣሉት አላውቅም፤ እኔ በራፌ ላይ ቆሜ ያየኋቸው አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው በቆርቆሮዋ በር ሲያልፉ ነው።

እትዬ ሙንተሃ ፍራሹ ላይ ጋደም ብለዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ጠረጴዛው ላይ ሳህኑ እንደተከደነ ተቀምጧል።

"ምንም አልሆንኩም... ሙቀቱ ነው። ትንሽ ልተኛበት" አሉ፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ይጎተታል።

እትዬ ብርሃነሽ ከኪሳቸው መለኪያውን አውጥተው ጣታቸውን ወጓቸው። ሃምሳ አራት። ሦስት ማንኪያ ስኳር በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው አፋቸው ላይ ደቀኑ። እትዬ ሙንተሃ በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

"ለመግሪብ አዛን እኮ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው የቀረው ብርዬ..."

"ከመግሪብ በፊት ሩዋይዳ ናት የምትደርሰው!" ብለው ጮኹባቸው። እንባቸው ወረደ። "ጠጪ! ጥለሺኝ ልትሄጂ ነው?"

እትዬ ሙንተሃ አዩዋቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሲያውቋቸው እንዲህ ሲያለቅሱ ያዩት ጋሽ ገብረጻድቅ የሞቱ ዕለት ብቻ ነው። ብርጭቆውን ተቀብለው ጠጡ።

ሩብ ሰዓት ያህል እትዬ ብርሃነሽ ግንባራቸውን ሲጠርጉላቸው ቆዩ። ከዚያ ላቡ ደረቀ፤ ሲለኩ ሰማንያ ሁለት ሆነ። እትዬ ሙንተሃ ተደግፈው ተቀመጡ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሽሮው።"

እትዬ ሙንተሃ ሳህኑን ከፍተው በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል እንጂ እንዲህ ጥገብ ተብሏል እንዴ!" አሉና ያንን ወፍራም ሳቃቸውን ለቀቁት። ከዚያ ሳቁን በመሃል አቆሙ።

"ቆይ ቆይ። አንቺስ ስትሠሪው አልቀመስሽውም?"

እትዬ ብርሃነሽ ዳንቴል የሚቆጥሩ ይመስል የጋቢያቸውን ጥለት መዳሰስ ጀመሩ።

"ቂንጬዬንስ? በስንት ሰዓት ነው የምትበዪው?"

"...ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

"አንቺ ውሸታም!"

"የአንቺ ቂንጬ ደግሞ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ጨው የሚባል አልነካውም! የእጇ ነገር ነው፣ አላሳፍራት ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ!"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ግን በሽታቸውን ከመደበቅ አልፈው ጤነኝነታቸውን ነበር ሲያስመሰክሩ የሰነበቱት። ተያይተው ሳቁ፤ ስቀው ሲያበቁ እትዬ ሙንተሃ እጃቸውን ያዝ አደረጓቸው።

"ለሩዋይዳ ትነግሪያታለሽ?"

እትዬ ብርሃነሽ አሰቡ። አደራ አለባቸው፤ አደራ በላ መባል ሞት ነው። መንገር ግን ያችን በር መዝጋት ነው።

"ዛሬ ጠዋት ትበላለች ብያታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ዋሽቻታለሁ። ከነገ ጀምሮ ውሸቴን እውነት ታደርጊልኛለሽ። ያለዚያ እኔው ነኝ የምደውልላት።"

"አንቺስ?"

"እኔም። ባንቺ ፊት።"

በማግስቱ አርብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የውጪው በር ተቀርቅሮ ሁለቱም በእትዬ ብርሃነሽ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የቀረቀሩት ሰው እንዳያያቸው ነው፤ የእኛ ሰፈር ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል ብለው። እትዬ ሙንተሃ ለመስጊዱ በር ምስኪን የሚላከውን ምግብ አስቀድመው ቋጥረው ይዘዋል። ምድጃው ላይ ምስር ይንተከተካል። ሁለቱም ትምህርት ቤት ያረፈደ ልጅ ይመስል አንገታቸውን ደፍተዋል።

እትዬ ብርሃነሽ በማማሰያው ጫፍ ትንሽ ጨልፈው፣ እፍ እፍ ብለው አብርደው ዘረጉላቸው።

"ቅመሺልኝ" አሉ።

እትዬ ሙንተሃ ማማሰያውን ይዘው ቆዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። በረመዳን ጠዋት ሰው ፊት እህል ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ከልጅነታቸው ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ቀና ሲሉ እትዬ ብርሃነሽ አማትበው የራሳቸውን ቁራሽ እንጀራ ይዘው እየጠበቋቸው ነው።

"ቢስሚላህ" ብለው ቀመሱ። እትዬ ብርሃነሽም ጎረሱ። ሁለቱም ቀስ ብለው እያላመጡ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ዋጡ።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ እትዬ ሙንተሃ።