ሦስት እጥፍ የሚያቀርበው መነጽር

የእርሻው ባለቤት ከመኪናቸው ሳይወርዱ በመስኮት ያቀበሉኝ ዕቃ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም ነበር። ጥቁርና አጭር ነው፤ ለመጠኑ ግን ከበድ ይላል። የጠብመንጃ መነጽር ነው።

«ይኸን ክላሽህ ላይ ግጠምና ሞክረው» አሉኝ። «ደህና ነው ካልከኝ ለስድስታችሁም እገዛለሁ። አይሆንም ካልከኝ ለነጋዴው እመልሰዋለሁ። እኔ ካንተ ቃል አልወጣም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ሲባል ደረቱን ይነፋ ነበር። እኔ ግን ዕቃውን መልሼ ላቀብላቸው ምንም አልቀረኝም።

በገንዳ ውሃና በሽንፋ መካከል ባለ የሰሊጥ እርሻ የጠባቂዎች ኃላፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ወታደር ስለነበርኩ በተኩስ አልታማም። ግን ተፈጥሮዬ ሥጋት ነው። ጦር ሰፈር ሳለን ጓደኞቼ «ይኸ ሰው በሩን ሦስቴ ቆልፎ፣ መቆለፉን ለማየት አራተኛ ይነሳል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ አልዋሹም። አንድን ነገር «ደህና ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልወድም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ደግሞ የእኔን ቃል አምነው አምስት ሰዎች በዚያች ቀዳዳ እያዩ ሰው ላይ ሊያነጣጥሩ ነው። ነገሩ ከተበላሸ ደሙ የሚጠየቀው ከእኔ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያም ይህን ማሰብ ማቆም አቃተኝ።

ጊዜው ክፉ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እስሩ እርስ በርሱ ተደግፎ በየማሳው ቆሟል። ይህን ክምር ሂላ እንለዋለን። ፍሬው እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ቆሞ ይደርቃል፤ በእነዚያ ቀናት የዓመቱን ልፋት ለማጥፋት አንዲት ክብሪት ትበቃለች። በዚያ ሰሞን ከወንዙ ማዶ ባለ እርሻ ሂላዎች ተቃጥለው ነበር። ማን እንዳቃጠላቸው አልታወቀም። አንዱ ሽፍታ ነው ይላል፣ ሌላው ቂም የያዘ ሰው ነው ይላል፣ ሦስተኛው የሲጋራ ቁራጭ ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ጠባቂዎቹንም አላስተኛቸውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያልኩ ሳነበንብ ሰምተው «ኃላፊያችን ጥንቆላ ጀመረ» ብለው ስቀውብኛል።

ባለቤቱ መነጽሩን የገዙት መተማ ዮሐንስ፣ ድንበሩ አጠገብ ሱቅ ካለው ነጋዴ ነው። ነጋዴው «ተማም ነው! እንከን የለውም! ይኸ መነጽር አይደለም፣ ሌላ ዓይን ነው» ብሎ አሞግሶላቸዋል። የጠብመንጃዎቻችን ፈቃድ በየኪሳችን ነበር። ለመነጽሩ ፈቃድ ይጠየቅ አይጠየቅ ግን አላውቅም ነበርና እሱም ራሱን የቻለ ጭንቀት ሆነብኝ።

በወታደርነቴ የማውቀው መነጽር ረጅም ነው። ይኸኛው ውስጡ ብርሃንን የሚያጥፍ የተጠረበ ወፍራም መስታወት ስላለው አጥሯል። ቀለበት አዙሮ ማራቅና ማቅረብ የለም፤ ሁልጊዜ ሦስት እጥፍ ነው። ማነጣጠሪያ ምልክቱ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ባትሪ ሲኖር ቀይ ይበራል፣ ባትሪው ሲያልቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ይህን ወደድኩለት። እኛ ጋ ባትሪ ያለቀበት ሰው እስከ ገንዳ ውሃ መሄድ አለበት።

ገንዳ ውሃ ወርጄ የትራክተር ማረሻ የሚበይደውን ሰውዬ ለመነጽሩ መቀመጫ ብረት አሠራሁት። መጀመሪያ በጠብመንጃው ክዳን ላይ አስቀመጠልኝ። ጠብመንጃውን ለመወልወል ክዳኑን ከፍቼ በዘጋሁ ቁጥር ጥይቱ ሌላ ቦታ ይመታል። ተመልሼ ሄጄ ከጎኑ በኩል እንዲያስረው አደረግኩ። ከዚያ በኋላ መቶ እርምጃ ላይ የጀሪካን ክዳን ሰቅዬ ተኮስኩ፤ መነጽሩን ፈትቼ ገጠምኩና ደግሜ ተኮስኩ፤ በትራክተር ጭኜው ዋልካው በተሰነጠቀበት መንገድ ሲንገጫገጭ ዋለና እንደገና ተኮስኩ። ክዳኑን አልሳተም። የሠራተኛ ስም በምንመዘግብበት ደብተር ጀርባ «መስታወቱ እስከ ዳሩ ጥርት ያለ ነው፣ ምልክቱ ከቦታው አይነቃነቅም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጉድለት ስፈልግለት ውዬ ምንም ስላጣሁበት ጭራሽ ፍርሃቴ ባሰ።

እዚህ ላይ የጥበቃ ልማዳችንን መናገር አለብኝ። ወደ ማሳው የሚመጣ ሰው ሦስት ጊዜ ይጠራል። «ማነህ?» ሲባል ጤነኛ ሰው ባለበት ቆሞ «ወገን!» ይላል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ሳይሰጥ የሚመጣ ሰው ለክፋት የመጣ ነው፤ ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ጠባቂው ቢተኩስ የሚወቅሰው የለም። ስለዚህ ጥሪው በጣም መራቅ የለበትም። ለአዲስ ጠባቂ መለኪያውን የማስተምረው እኔ ነበርኩ፦ «ሲራመድ የሚያወዛውዘው እጁ ከጎኑ ተለይቶ ሲታይህ ያን ጊዜ ጥራው። ከዚያ በፊት ብትጠራው አይሰማህም።» ይህን መለኪያ ስንት ሰው ፊት ቆሜ እንደተናገርኩት ቁጥሩን አላውቀውም።

በሦስተኛው ቀን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ መነጽሩ የተገጠመበትን ክላሽ ይዤ ብቻዬን የጥበቃ ማማው ላይ ተቀምጬ ነበር። ሌሎቹ ጠባቂዎች በየአቅጣጫቸው ናቸው። የእርሻው ትራክተር ነጂ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞቱ ከብት ሸጦ ያስተማረኝ፣ ሥራውንም ያስገባኝ እሱ ነው። በዋዜማው፣ የተሰበረ የትራክተር ዘንግ ሊያስበይድ ሽንፋ ሄዷል፤ የሚመለሰው በማግስቱ ሠራተኛ ጭኖ ከሚመጣው መኪና ጋር ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት በዚያ በኩል የምጠብቀው ሰው አልነበረኝም።

በመነጽሩ የማሳውን ዳር ስቃኝ አንድ ሰው አየሁ። ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች ፊቱ ጨልሟል። ራሱን በጨርቅ ጠምጥሟል። ትከሻው ላይ ረጅም ብረት አለ። መንገዱን ትቶ በሂላዎቹ መካከል እያቋረጠ በቀጥታ ይመጣል። እጁ ከጎኑ ተለይቶ ሲወዛወዝ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

«ማነህ?» አልኩ።

ዝም። እርምጃውንም አላዘገየም።

«ማነህ አንተ! ቁም!»

ሰውየው ብረቱን ከትከሻው አወረደና በሁለት እጁ ያዘው። በዓይኔ የመጡት ከወንዙ ማዶ የተቃጠሉት ሂላዎች ናቸው። መጠበቂያውን ከፈትኩ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሰውየው አሁንም ይመጣል። ምልክቱን ደረቱ ላይ አሳረፍኩና ጣቴን ምላጩ ላይ አደረግኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ሌላ ጊዜ በር ስቆልፍ የምንቀጠቀጠው እኔ ያን ጊዜ እንደ ድንጋይ ነበርኩ። ዛሬም ሳስበው የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

በዚህ መነጽር ለማየት ሦስት ጣት ያህል እስኪቀር ዓይንን ወደ መስታወቱ ማስጠጋት ግድ ነው። የፊቴ ትኩሳትና ከቅንድቤ የወረደው ላብ መስታወቱን ሸፈነውና ሰውየው ድንገት ደበዘዘብኝ። ተናደድኩ፤ የተሳደብኩም ይመስለኛል። በሸሚዜ ጫፍ ልጠርገው ቀና አልኩና በባዶ ዓይኔ ወደ ማሳው ተመለከትኩ።

ሰው የለም። ተደበቀ ብዬ ደነገጥኩ። ከፊት ካሉት ሂላዎች ጀምሬ አንድ በአንድ አየሁ። በኋላ ከሩቅ፣ ከማሳው ጫፍ፣ ጉንዳን የምታህል ነገር ስትንቀሳቀስ አገኘሁ። እጅ አይለይ፣ ብረት አይለይ። ነፋሱ ከእሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው። ያ ሁሉ ጩኸቴ ከማማው ሥር አላለፈም ማለት ነው።

መጠበቂያውን መለስኩ። ጠብመንጃውን ከጎኔ አስቀመጥኩና በባዶ ዓይኔ መጠበቅ ጀመርኩ። ጉንዳኗ ቀስ እያለች ሰው ሆነች። እጁ ከጎኑ ሲለይ ጠራሁት።

«ወገን!» አለ ወዲያው። «ከኔ ሌላ ማን ይሆናል! ምን ያስጮህሃል?»

ወንድሜ ነበር። የማግስቱ መኪና ወንዝ መሻገሪያ ላይ ጭቃ ይዞት እንደሚዘገይ ስለሰማ፣ ትራክተሩ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ የተበየደውን ዘንግ ተሸክሞ በእግሩ መጥቷል። ብረቱን ከትከሻው ያወረደው ስለደከመው ትከሻ ሊቀይር ነበር። ከማማው ወርጄ ሰላም ሳልለው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው? ወባህ ተነሳ እንዴ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሦስቴ ጠርቼህ ነበር።»

«አልሰማሁም።»

«እዚያው ላስቀርህ ነበር» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስነግረው እንባዬ መጣ።

ዘንጉን ከመሬት አጋደመና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ከዚያ «ምልክቱ የቴ ላይ ነበር?» አለኝ። ደረቱን አሳየሁት። የራሱን እጅ እዚያው ላይ አሳርፎ ቆየ።

«እንግዲያ መነጽሩስ ደህና ነዋ» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን እስከ መጨረሻው አልሄደም።

በማግስቱ ጧት ወንድሜ ብረቱን ያወረደበትን ቦታ አሳየኝና ከዚያ እስከ ማማው በእርምጃ ለካሁት። አራት መቶ እርምጃ ወጣው። እጅ ከጎን ተለይቶ የሚታየኝ፣ ድምፄም የሚሰማበት ርቀት መቶ ሠላሳ ያህል ነው። መነጽሩ እንደተባለው በትክክል ሦስት እጥፍ አቅርቦልኛል። ሰውየውን ሲያቀርብ ድምፄን አላቀረበውም፤ እኔ ደግሞ ለባዶ ዓይን የተሠራውን መለኪያ በመስታወት ውስጥ ይዤው ገባሁ። ይህ ስህተት ነገ የማንኛውም ጠባቂዬ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ ለባለቤቱ ደወልኩ። ከደብተሩ አነበብኩላቸው። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው፣ ምልክቱ አይነቃነቅም፣ መንገጫገጭ ይችላል።

«ጉድለቱስ?»

«ላብ ይይዘዋል። በኛ ሙቀት ይደበዝዛል።»

«ሌላስ?»

አሠልጣኙ ራሱ፣ ወታደር የነበረው ሰው፣ ባስተማረው ነገር ወንድሙን ሊገድል ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? ደግሞስ መነጽሩን ለመመለስ ላቡ ብቻ ይበቃቸዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«ሌላ የለውም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ወንድሜ «ለባለቤቱ ነገርካቸው?» ሲለኝ «ነግሬያቸዋለሁ» እለዋለሁ፤ ወዲያው ወሬ እቀይራለሁ።

ሰሊጡ መራገፍ በጀመረ ሰሞን ባለቤቱ መጡ። ፊታቸው በርቷል። ከመኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ አንድ ካርቶን አነሱና ኮፈኑ ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። ስድስት አዳዲስ መነጽሮች በየክፍላቸው ተደርድረዋል።

«ያልከውን ጉድለት ለነጋዴው ነገርኩት» አሉ። «ይኸኛው ዓይነት ላብም ጉምም አይዘውም አለ። ራሴ የፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ይዤ ሞከርኩት። ንክች አላለውም! በል፣ ለልጆቹ ግጠምላቸው።»

ወንድሜ ትራክተሩ አጠገብ ቆሞ እጁን ይታጠብ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እንዳልነገርኳቸው ያን ጊዜ ገባው። ያንን አስተያየት መቋቋም አልቻልኩም።

«ጌታዬ» አልኩ፤ «ያኛው መነጽር ላብ ባይዘው ኖሮ ይኸን ሰው እቀብረው ነበር።»

ቀልድ መስሏቸው ነበር። የሆነውን ከጥሪው እስከ አራት መቶው እርምጃ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ወንድሜ ዞሩ። ወንድሜ ራሱን ነቅንቆ አዎ አላቸው።

«ታዲያ በስልክ ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ ጌታዬ።»

ካርቶኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ ግን አልጮሁም።

«አንተ ስታፍር» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ስድስት ቦታ ሰው ላስገድል ነበር።»

ካርቶኑን ዘጋሁና ራሴ ተሸክሜ ወደ መኪናቸው የኋላ ወንበር መለስኩት።